የጎብዬው ኮምፒውተር ሰላምታ

ቆቦ በሚገኝ ኮምፒውተር ጥገና ቤት የተቀጠርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ደሴ አንድ ላጲስና ሳጥን ሙሉ አሮጌ ሜሞሪ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሰኩትን ቀጫጭን ሰሌዳዎች፣ ሰጠኝ። «መጀመሪያ ብረት ንካ፤ ሰውነትህ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይውረድ። ከዚያ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ጥረግ» አለኝ። እስኪመሽ ስጠርግ ዋልኩ።

ከዓመታት በኋላ፣ የራሴን ሱቅ ከፍቼ ሳለ፣ ጎብዬ ላይ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሱቅ ያላት ዘሀራ ደወለችልኝ። ባሏ ሰይድ ግመል ሊገዛ ወደ አፋር ወርዶ እንደወጣ ቀርቷል። ሬሳም ወሬም አልመጣም።

«ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ ደንበኛ ሸሸኝ። ሜሞሪ ከወልድያ አስመጥቻለሁ፤ መጥተህ ግጠምልኝ» አለች።

ቀትር ላይ ደረስኩ። ሙቀቱ መንገደኛውን ሁሉ ጥላ ውስጥ ከትቶታል። ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ የሰይድ እናት እማማ ፋጡማ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል።

ዘሀራ ማብሪያውን ተጫነች። ማሽኑ ለረጅም ጊዜ አጉረመረመ። ከዚያ የወንድ ድምፅ ጥርት ብሎ «አሰላሙ አለይኩም» አለ።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አሉ እማማ ፋጡማ ከመጋረጃው ጀርባ።

ወደ መጋረጃው ዞርኩ። ዘሀራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ፦ ሰይድ በመክፈቻው ሙዚቃ ፋንታ የራሱን ድምፅ ቀድቶ አስገብቶ ነበር፤ እሷም አልነካችውም።

«እናቱ ያውቃሉ?» አልኳት በሹክሹክታ።

የመለሱልኝ ራሳቸው ናቸው። «ቅጂ መሆኑን አውቃለሁ ልጄ። ሰላምታ ግን ሳይመለስ ይቀራል እንዴ?»

ማሽኑን አጥፍቼ ገመዱን ነቀልኩና አዲሱን ሜሞሪ ከአሮጌው ጎን አስገባሁ። ዓይነቱ አንድ ነው፤ ልክክ ብሎ ገባ። አበራሁ። ድምፁ መጣ፤ ግን አልጨረሰም።

«አሰላሙ አለይ… ለይ… ለይ… ለይ…»

ስክሪኑ ደርቋል፤ ማውሱ አይንቀሳቀስም። ድምፁ ግን ሳይተነፍስ ይቀጥላል። ማሽን ሲደርቅ የመጨረሻዋን ቁራጭ ድምፅ እንደሚደጋግም አውቃለሁ። ያን ሰዓት ማወቄ ምንም አልረዳኝም።

መጋረጃው ተገለጠ። እማማ ፋጡማ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡ። «ማንን ከማን ነው ለይ የሚለው?» አሉ።

እጄን ወደ ማጥፊያው ስሰድ ዘሀራ ክንዴን ያዘችኝ።

«እንዳታጠፋው! ሌላ ቅጂ የለኝም።»

«ድምፁ ያለው ፋይል ማስቀመጫው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ሜሞሪው ሲወጣ አብሮ አይወጣም» አልኳት። እውነት ነው። ነገር ግን በማይስማማ ሜሞሪ የሚሠራ ማሽን ፋይል ሊያበላሽ ይችላል፤ በቆየ ቁጥርም ያሰጋል። ማጥፊያውን ተጭኜ ያዝኩት። ጸጥ አለ።

አዲሱን አውጥቼ በአሮጌው ብቻ አበራሁ። ጥቁር ስክሪንና ረጅም ጩኸት ሆነ፤ ማሽኑ ሜሞሪውን ሲያጣ የሚጮኸው ነው። ዘሀራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አሮጌውንም አወጣሁ፤ ብረት ነካሁ፣ ጥርሱን በላጲስ ጠረግሁ፣ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሼ ተጫንኩት። አበራሁ።

ማሽኑ አጉረመረመ። ሦስታችንም ቆመን ጠበቅን።

«አሰላሙ አለይኩም።»

እማማ ፋጡማ ወዲያው አልመለሱም። እስኪያበቃ አዳመጡና «ወአለይኩሙ ሰላም፣ ልጄ» አሉ።

ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት የድምፁን ፋይል በፍላሽ ገልብጬ ለዘሀራ ሰጠኋት። ቀጥዬ የሁለቱን ሜሞሪዎች ጽሑፍ አነበብኩ። አዲሱ በዓይነት ቢመሳሰልም ቺፖቹ ያ አሮጌ ማዘርቦርድ፣ ሁሉም የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ የማይቀበላቸው ናቸው። ቆቦ ተመልሼ ከአንድ ከተጣለ ተመሳሳይ ኮምፒውተር ውስጥ የሚስማማውን ፈልጌ በማግስቱ ገጠምኩላት።

አበራነው። ማጉረምረሙ አጠረ፤ ሰላምታውም ቶሎ መጣ። እማማ ፋጡማ መለሱና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ዛሬስ ቀረበ» አሉ። «መንገዱ አጥሮለታል።»

ዘሀራ ወደ በሩ አየች። እኔም አየሁ። አስፋልቱ ባዶ ነበር።

ሜሞሪ ማስገቢያው ውስጥ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። የአሮጌውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ ቅጂ ያዙ።