የፍልሰታ ወተት

አራዳ ከገባሁ ሦስት ዓመት ቢሞላኝም ማኅበር አልነበረኝም። ወር በገባ በሃያ አንድ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አጣፍተው ለማርያም ጽዋ ሲሰበሰቡ፣ እኔ ፒያሳ ካለው ወርቅ ቤት ሥራዬ ስመለስ መዝሙራቸውን ከደጅ እሰማለሁ። ዘመዶቼ ያሉት ደብረ ታቦር ነው። ብሞት ማን ይቀብረኛል እያልኩ ሆዴ ይባባ ነበር።

ሐምሌ ላይ የማኅበሩ መሪ የሆኑት አሮጊት የግቢያችን በር ላይ ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ከአውቶቡሱ አልወረድሽም? ሦስት ዓመት ሙሉ እንግዳ ይኮናል?»

በአነጋገሬ የሚስቅብኝ ብዙ ነው፤ እሳቸው ግን እጄን ይዘው ነው የሳቁት። የሰፈሩ ግማሽ በልማት ተነሥቶ በማኅበሩ ቦታ መኖሩን፣ እንደሚያስገቡኝም ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ይዘው «ልጄ» እያሉኝ አብረን እንሄድ ጀመር። ሰው ሲያየን ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ከእኔ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ልብስ ሰፊ አለች፤ የማኅበሩ አባል ናት። አንድ ጊዜ መሪዋን በሰው ፊት «እትዬ፣ ማኅበሩ እኮ የማርያም ነው፤ የእርስዎ አይደለም» ብላቸው ቂም ይዘውባታል።

ነሐሴ ሃያ አንድ መጀመሪያ የገባሁበት ቀን ነው። ልብስ ሰፊዋ አልመጣችም። መሪዋ በሴቶቹ ሁሉ ፊት ወደ እኔ ዞሩ።

«ያቺ ልብስ ሰፊ በፍልሰታ ጾም ወተት ትጠጣ ነበር ይባላል። አንቺ ጎረቤቷ ነሽ፤ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ።»

አይቻለሁ። ጨጓራዋ ደምቶ ሐኪም እንዳዘዘላት፣ የንስሐ አባቷም እንደፈቀዱላት ራሷ እያፈረች ነግራኛለች።

«ጠጥታለች» አልኩ። ሌላውን ዋጥኩት።

ሴቶቹ አማተቡ። እሷ ከማኅበሩ ትውጣ ተባለ፤ ለእኔ «ልጃችን» ተብሎ እልል ተባለልኝ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ከደጄ ቆማ፣ «እህቴ፣ የሐኪሙን ነገር አልነገርሻቸውም እንዴ?» አለችኝ።

«አልጠየቁኝም» አልኳት።

ፊቷን አዙራ ቤቷ ገባች። ከዚያ በኋላ የስፌት መኪናዋ ድምፅ በግድግዳው በኩል በመጣ ቁጥር ጸሎቴ ይቋረጥብኝ ጀመር።

በሳምንቱ መሪዋ መጡ። «ያቺ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለችውስ? ባሏ የት ነው የሚያድረው? እስቲ ጆሮ ጣል አድርጊ።» ለምን እንደተፈለግሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ለንስሐ አባቴ አልቅሼ ነገርኳቸው። «የሰሙሽ እነሱ ናቸው፤ እዚያው ሄደሽ ተናገሪ» አሉኝ።

መስከረም ሃያ አንድ፣ ጽዋው ሳይቀርብ ተነሣሁ። ስለ ሐኪሙም ስለ ንስሐ አባቷም፣ አውቄ እንደደበቅሁም ተናገርኩ።

«ልጄ፣ ደክሞሻል መሰለኝ። ተቀመጪ» አሉ መሪዋ።

አልተቀመጥኩም። ያሰቡልኝ ቦታ እንደቀረብኝ ፊታቸው ላይ ይታየኛል። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡና እዚያው ግቢ ውስጥ ያለውን የጎረቤቴን በር አንኳኩ። ስሟን እየጠሩ ደጋግመው ሲያንኳኩ ከቆምኩበት ይሰማኛል።

አልከፈተችላቸውም።