የአባባ ይማም ቤት ሲፈርስ

የረጠበ የግድግዳ ጭቃ ሽታ ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለሁ ተቀበለኝ። ለጉዳይ ደሴ ወጥቼ ወደ ኮምቦልቻ ከመመለሴ በፊት ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያደግሁበትን ቤት አንዴ ልየው ብል ቤቱ የለም፤ ቆርቆሮው ተነስቶ፣ ማገሩ ተነቃቅሎ፣ ዝናብ የመታው የጭድና የጭቃ ክምር ብቻ ቀርቷል።

ያን ቤት የሠሩት ሰኞ ገበያ አቡጀዲ ይሸጡ የነበሩት አባባ ይማም ናቸው፤ ከሐርቡ ላመጧት ሙሽራ ብለው። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ የፊቶቹ ሁለት ክፍሎች የቀበሌ ሆኑና በአንዱ እኛ፣ በሌላው እትዬ ዘውዴና ልጃቸው ተስፋዬ ገባን። አባባ ይማም ግን አልከፋቸውም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር «ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ዝናቡ የሚወርደው ግን ልጆቼ ላይ ነው» እያሉ ጣሪያችን ላይ ወጥተው ቀዳዳውን ይደፍኑ ነበር። እትዬ ዘውዴም ለፋሲካ አባቴ በእጁ እንዲያርድልን ዶሮ ከነነፍሱ ይሰጡን ነበር።

ተስፋዬ አሥራ ስምንት ሲሞላው የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ መጣ። እናቴ እኛ ቤት ቆጥ ላይ፣ ከበቆሎው ጆንያ ጀርባ ደበቀችው። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የቀበሌ ዘበኞች ገቡ። በሐሰት ምላ የማታውቀው እናቴ «ወላሂ አላየሁትም» አለች። አንደኛው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ሚጢ፣ ተስፋዬ የት ነው?» ሲለኝ አፌ ዝም አለ፤ ዓይኔ ግን ወደ ቆጡ ሄደ። ደንግጬ ጓሮ ሮጥኩና ጆሮዬን ደፍኜ ተቀመጥኩ። ስመለስ እጁን አስረው ሲወስዱት፣ እትዬ ዘውዴም ነጠላቸውን ጥለው ሲከተሉት አየሁ።

ደርግ ሲወድቅ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እያነከሰም ቢሆን በሕይወት ተመለሰ። እኔ ግን ፊቱን ማየት አቃተኝ፤ የዚያ ቀን ወሬ በተነሳ ቁጥርም ከቤት እወጣ ነበር። ኮምቦልቻ አግብቼ ከሄድኩ በኋላም ሠርግ ላይ ከሩቅ ሳየው ከሴቶቹ ኋላ እደበቅ ነበር።

ለጉዳይ ደሴ የወጣሁ ዕለት ግን ፍርስራሹ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፀጉሩ ሸብቷል።

«ዘሀራ ነሽ?» አለኝ።

መሸሻ አልነበረኝም። «ጋሼ ተስፋዬ፣ ያን ቀን ያስያዝኩህ እኔ ነኝ። ወደ ቆጡ አይቼ።»

ግራ ገብቶት ትንሽ አየኝ። «ምን አየሽ? ሰዎቹማ ጀርባቸውን ሰጥተው ሊወጡ ነበር። የበቆሎው ብናኝ አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝ እንጂ! ሦስት ጊዜ! ዘበኛው ‹ይማርህ› ብሎኝ ነው መሰላል የጠየቀው። እማዬ እስክትሞት ስትስቅብኝ ኖራለች።»

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ እንባዬ አላቆም አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ደረቴ ላይ የተጫነው ነገር እዚያው ወረደ።

አባባ ይማም የሉም፤ እናቴም የለችም። ከቤቱ መፍረስ ይልቅ የቆጨኝ ግን በከንቱ የሸሸሁበት ዘመን ነው፤ እትዬ ዘውዴን እንኳ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። ጋሼ ተስፋዬ ክንዴን ይዞ ተነሳ። «ነይ፣ ልጆቼ አያውቁሽም። ምሳ እንብላ» አለኝ።

የኮምቦልቻው መኪና አመለጠኝ። ያምልጠኝ።