የጋሽ ወልደሰማያት ሰልፍ

በ1981 ማጅራት ገትር ጂንካ ሲገባ ገበያው ተዘጋ፤ ለቅሶ መድረስም ተከለከለ። ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊው ለጋሽ ወልደሰማያት ከበሽታው የከፋው ይኸው ሆነ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሚስታቸውን ቀብረው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሟቹ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ሳይቀመጡ ቀርተው አያውቁም። የሠላሳ ዓመት ወዳጃቸው ሲሞት ግን በአራት ሰው ብቻ ተቀበረ፤ እሳቸውን የአብዮት ጥበቃ ከመንገድ መለሳቸው። ከዚያ ወዲያ ምግብ እምቢ አሉ፤ እንቅልፍ አጡ፤ የስፌት መኪናቸውንም አልነኩ። ለጤና ሠራተኛው ብነግረው «በሽታው የሚገድለው ወጣቱን ነው፤ ሽማግሌው ምን አስፈራቸው?» ብሎ ሳቀብኝ። ሰውዬው ዓይኔ እያየ በጭንቀት ሲያልቁ እሱ ሳቀ!

ክትባት በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ሲጀመር ጋሽ ወልደሰማያት ጋቢያቸውን ለብሰው ተሰለፉ። «ከሠላሳ ዓመት በላይ አይከተብም» ተብለው ተመለሱ። በማግስቱም ሄዱ፤ መለሷቸው። በሦስተኛው ቀን ያው የሳቀብኝ ሠራተኛ ክንዳቸውን ይዞ በሰው ፊት ከሰልፉ ጎትቶ አወጣቸው።

«ስንቴ ልንገርዎ? መርፌው ለእርስዎ አይደለም!»

«መርፌህን ማን ፈለገው?» አሉት። «ሰው ከሰው ጋር እንዲቆም የፈቀዳችሁት እዚህ ብቻ ነው።»