ቨርና ለዶይል የመረጠችው የጭስ ምድጃ

ቨርና ዶይልን ልታገባ ስትል እናቷ «ይኼ ሰው ጭስ ጭስ ይላል» ብላት ነበር። አልተሳሳተችም። በዚያች የምሥራቅ ቴክሳስ ከተማ ሰርግም ሆነ ለቅሶ፣ ስጋ የሚያበስለው ዶይል ነበር። በገዛ እጁ በበየደው የብረት ምድጃ የኦክ ዛፍ ግንድ እየማገደ፣ የበሬ ፍርምባ ቀኑን ሙሉ በጭስ ያበስላል።

ባለፈው የካቲት ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተሳሰረ። አንድ ቀን ቨርና መጥረቢያውን ታቅፎ እንጨት ክምሩ ሥር ወድቆ አገኘችው። መጥረቢያውን ለጎረቤታቸው ለሃርላን ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ዶይል በረንዳ ላይ ተቀምጦ መዋል ብቻ ሆነ ሥራው።

በመጨረሻ ልቧ አልችል ቢል፣ እንጨት መፍለጥ የማይጠይቅ ምድጃ ልትገዛለት ይዛው ሱቅ ሄደች።

«ይኼኛው በኤሌክትሪክ ብቻ ነው» አለች ሻጯ፣ ቁም ሳጥን የመሰለውን ከፍታ። «ትንሽ ስንጣሪ ከሥር ጣል አድርገው፣ ሙቀቱን አስተካክለው እግርዎን መዘርጋት ነው። ያኛው ደግሞ ከሰጋቱራ የተጠቀጠቀ የእንጨት ፍሬ ያነዳል። እሳቱ የእውነት እሳት ነው፤ ግን ጣጣ አለው፣ እማማ። ፍሬውን መሙላት፣ አመዱን መጥረግ…»

«ተይኝ፣ የምን ጣጣ! የኤሌክትሪኩን ስጪን።»

ዶይል ጎንበስ ብሎ ከምድጃዎቹ ጀርባ የተንጠለጠሉትን ገመዶች አየ።

«ሁለቱም… ጭራ አላቸው» አለ።

ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር። ቨርና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱ ግን ከምድጃው አጠገብ ከነበረው የተከፈተ ከረጢት ግራ እጁን ከትቶ የእንጨቱን ፍሬ ዘገነና አሸተተ። ከዚያ በአገጩ ወደ ኤሌክትሪኩ እያመለከተ፣

«እሱ… ብቻውን ከሠራው፣ እኔስ?» አላት።

ቨርና ስንት ወር ሙሉ የሸሚዙን ቁልፍ ስትቆልፍለት፣ ስጋውን ስትቆርጥለት፣ መጥረቢያውን ስታርቅበት፣ ሸክም ያቀለለችለት መስሏት ነበር።

«ጣጣ ያለበትን ስጪን» አለቻት ሻጯን።

ቅዳሜ ዶይል ፍሬውን በግራ እጁ በጣሳ እየቀዳ ሞላ። ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ቨርና ልታግዘው እጇን አነሣችና፣ መልሳ ከሽርጧ ኪስ ከተተችው።

ሃርላን በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ዶይል! ምድጃ መቀለብ ጀመርክ? ነገ ደግሞ ይወልድልሃል!»

«አፍህን… ለስጋው አቆየው።»

ማታ ስጋውን ቀመሱት። ዶይል ረጅም ጊዜ አኘከ። «ጭሱ ሳሳ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሌላ ቁራጭ አነሣ።

በመከር የሃርላን እናት ሞተች። ሃርላን በጠዋት መጥቶ ደጃፋቸው ላይ ቆመ። ዶይል ኮፍያውን አድርጎ ወደ ምድጃው ሄደ። ከቀብር መልስ ስጋውን ራሱ በግራ እጁ ቆረጠ፤ አንዱ ቁራጭ ወፍራም፣ አንዱ ስስ። ሰዉ ተሰልፎ እየተቀበለ በላ። ቨርናም ተራዋን ጠብቃ ሳህኗን ዘረጋችለት።