ሽማግሌዎቹ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ቀይ የተቀባ የመንገድ ጠርዝ ባየሁ ቁጥር ግን ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ። ተሳፋሪ ይዤ ከሆነ "ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም እንዴ?" ሳይል አይቀርም።

የምኖረው በሰው አገር፣ ቫን ናይስ የሚባል ሰፈር ነው። ሥራዬ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ ማመላለስ ነው። ያኔ ከሰናይት ጋር ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። አባቷ ጋሼ ታደለ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቅመምና እንጀራ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው፤ ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። የሚያውቃቸው ግን በቅመማቸው ሳይሆን በሰማያዊ ኮፍያቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከተማችንን የቤዝቦል ቡድን ደግፈዋል። ቡድኑ ያሸነፈ ቀን ለገዛው ሁሉ ሚጥሚጣ ይመርቃሉ። የተሸነፈ ቀን ሱቃቸው የሚገባ ሰው የሚፈልገውን በጣቱ አሳይቶ፣ ከፍሎ፣ ዝም ብሎ ይወጣል።

"ይሄ እንደ ሌላው ቡድን አይደለም" ይላሉ ሁልጊዜ። "ትልቅ ከተማ ነው፤ ስታዲየሙ ጢም ይላል፤ ያሰኛቸውን ተጫዋች ያመጣሉ። ሶ በየዓመቱ ዋንጫ መጠበቅ መብቴ ነው!"

እኔንም በዚሁ ሚዛን ነው የመዘኑኝ። አንድ ልጃቸውን የሚያገባ ሰው ቢያንስ ቢያንስ ዶክተር መሆን ነበረበት። መጀመሪያ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች "እስቲ እናስብበት" ብለው መለሷቸው። እሱስ ወግ ነው፣ አልከፋኝም። ሰናይት ግን ቁርጡን ነገረችኝ፦ "ሁለተኛም ከመለሳቸው አባዬ ቃሉን አያጥፍም። አለቀልን።"

ስለዚህ ቀኑን በጥንቃቄ መረጥኩ። እሁድ፣ ቡድናችን ከደካማ ቡድን ጋር የሚጫወትበት ቀን። ጨዋታው በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ አንድ ላይ ይጀምራል። እኔ ደግሞ በእግር ኳስ ያደግኩ ሰው ነኝ። ዘጠና ደቂቃ፣ ዕረፍት፣ ተጨማሪ ሰዓት ቢኖር፣ ፍፁም ቅጣት ምት ቢኖር ብዬ ሁሉንም ደመርኩና ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰውየው አሸንፈው፣ ደስ ብሏቸው ቁጭ ይላሉ አልኩ። ሰናይት "እርግጠኛ ነህ?" ስትለኝ "ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ" አልኳት። ቤዝቦል ሰዓት የሚባል ነገር እንደሌለው፣ እኩል ከሆኑ እስኪለይላቸው ድረስ እንደሚቀጥሉ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ደንቆሮ!

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ክሬንሾው ሰፈር የሚኖሩት ጋሼ ወርቁ ናቸው፤ የቸርቻችን ሰው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ቤዝቦል በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ከረባት አስረው መጡ። ሦስቱም ድራይቭ ስለማያደርጉ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። በወጉ አግቢው እዚያ አካባቢ ድርሽ አይልም፤ ስለዚህ ሳልታይ መኪና ውስጥ ልጠብቅ ተስማማን። የእነሰናይት አፓርትመንት ከሱቁ አይርቅም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስቴ ዞርኩ፤ አጣሁ። መጨረሻ ላይ ሕንፃው ፊት ለፊት፣ መኪና ማቆም የተከለከለበት ቀዩ ጠርዝ ላይ አቆምኩ። ውስጡ እስካለሁ ድረስ ማን ምን ይለኛል ብዬ ነው።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ሬዲዮ ከፈትኩ። ጨዋታው አላለቀም! መደበኛው ዘጠኝ ዙር አልቆ እኩል ለእኩል ሆነው አሥረኛውን ጀምረዋል። "ጉድ ፈላ!" ብዬ ለጋሼ ወርቁ ደወልኩ። ለአክብሮት ብለው ስልካቸውን አጥፍተዋል።

ወዲያው የሰናይት ቴክስት ይዘንብ ጀመር።

"ቲቪው ፊት ቆመዋል!!!"

መቼም ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። የእነሰናይት ሳሎን ጠባብ ነው፤ ሦስት ሰው ደልደል ብሎ የሚቆምበት ቦታ ቴሌቪዥኑ ፊት ብቻ ነው።

"አባዬ 'ኧረ ቁጭ በሉ' እያለ ይለምናቸዋል። ጋሼ ወርቁ 'ልጅዎን ለልጃችን ሳይሰጡን አንቀመጥም' ይላሉ።"

ጋሼ ወርቁ በኋላ ሲነግሩኝ "እንዲያ አጥብቆ የሚለምን የሴት አባት አይቼ አላውቅም። ልባቸው ራርቷል ብዬ ይበልጥ ጸናሁ" ብለውኛል።

"አባዬ ተንበረከከ!!" አለ የሚቀጥለው ቴክስት።

ለካ ሰውየው በጋሼ ወርቁ እግሮች መሃል ጨዋታውን ለማየት ነው። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። "ኧረ አይገባም፣ የሴት አባት ሆነው! ይነሱ!" ብለው ሦስቱም ሊያነሷቸው ሲያጎነብሱ ያችኑ የቀረችውን ቀዳዳ ደፈኗት።

በዚህ መሃል በሬዲዮ የምሰማውን ልንገራችሁ። ቡድናችን በአንድ ነጥብ ተመርቷል፤ የቀረው አንድ ዕድል ብቻ ነው። ተራው የዋናው ኮከብ ነው። ኳሷን መታት፤ ደካማ ምት ነበረች፣ ተንከባልላ ተከላካዩ እጅ ገባች። የመታ ሰው ወደ መጀመሪያው ማረፊያ፣ ቤዝ ወደሚሉት፣ መሮጥ አለበት፤ ኳሷ ከቀደመችው ወጣ። ኮከባችን "በቃ ተያዘች" ብሎ በእርምጃ ይሄዳል። ያኔ ተከላካዩ ኳሷን ጣላት! አነሳት፣ እንደገና አመለጠችው፣ እንደገና አነሳት። ሰውየው ቢሮጥ ኖሮ ሁለቴ ይደርስ ነበር። እሱ ሽርሽር ላይ ነው። አልደረሰም። ተሸነፍን።

ከአራተኛ ፎቅ የመጣው ጩኸት መንገድ ላይ ውሻ ይዛ የምትሄድ ሴትዮ አስቆማት።

"ቲቪውን አጠፋው" አለች ሰናይት። "ጀርባውን ሰጥቶን መስኮቱ ጋ ቆሟል። እንዳትደውል።"

ጭንቅላቴን መሪው ላይ ደፋሁ። ሁለት ዓመት ፍቅር በአንድ ሰነፍ እግር ተበላ እያልኩ ተስፋ ቆረጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ እንደገና ጮኸ።

"'ልጁ የት ነው?' አለ። ታች መኪና ውስጥ ነው አልኩት። ይምጣ ብሏል። አሁኑኑ።"

ቀና ስል የትራፊክ ትኬት የምትጽፈው ሴት ትንሿን መኪናዋን እየነዳች ከኦሊምፒክ ጎዳና ስትታጠፍ በመስታወት አየኋት። ከመኪናው ወረድኩና አንዴ እሷን፣ አንዴ ሕንፃውን አየሁ። መኪናውን ካንቀሳቀስኩ እንደገና ሦስት ዙር ልዞር ነው፤ ሰውየው ደግሞ አሁኑኑ ብለዋል። በሩን ዘግቼ ተፈተለክሁ። ሐሳቤ ወጥቼ፣ ስድቤን ጠጥቼ፣ እሷ ሳትደርስ መመለስ ነበር። ሊፍቱ አልመጣ አለ። በደረጃ ወጣሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ጫማዬ ወለቀ፤ ማን ዞሮ ያነሳዋል?

ስገባ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው። ጋሼ ታደለ ከመስኮቱ ዞሩና ከካልሲዬ እስከ ግንባሬ አዩኝ። ላቤ ይንጠባጠባል።

"በሊፍት አልመጣህም?"

"አልመጣ አለኝ ጋሼ።"

"ሮጠህ ነው?"

"አዎ፣ ሮጬ ነው።"

ወደ ጋሼ ወርቁ ዞሩ። "አዩልኝ ጋሼ ወርቁ? ያ ኮከብ ተብዬ ሠላሳ ሜትር የማትሞላ መንገድ መሮጥ ከበደው። ይሄ አራት ፎቅ ሮጠ። ያውም በአንድ ጫማ!" ኮፍያቸውን አወለቁ። "እኔ እኮ ዋንጫ አልጠየቅኩም! መሸነፍ ያለ ነው። መትተህ ሩጥ ነው ያልኩት!"

ሠላሳ ዓመት ዋንጫ ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ናቸው።

"በሉ ቁጭ በሉ። ሰጥቻችኋለሁ።"

ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንዴ ዘጭ አሉ። የሰናይት እናት እልልታውን አቀለጡት፤ ሰናይት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፣ ግን አንድ ጆሮዬ ውጭ ነው። ጋሼ ወርቁ ሊመርቁ ተነሡ። የሳቸውን ምርቃት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ አገር፣ ሁሉም በየተራ ይመረቃል። እኔ "አሜን" ባልኩ ቁጥር ልቤ ወደ ደረጃው ይሮጣል። ስወርድ ትኬቷ መስታወቱ ላይ ተሰክታ ጠበቀችኝ። ዛሬ የሠርግ አልበማችን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ናት። እንዴት እንደተጻፈች ግን ለጋሼ ታደለ ትንፍሽ አላልኩም። የሮጥኩት ትኬት ፈርቼ ሳይሆን ለእሳቸው ብዬ እንደሆነ አምነው ይኑሩ ብዬ ነው። ሲያመሰግኑኝ ግን አፍር ነበር።

ባለፈው ወር አብረን ስታዲየም ገባን። ከላይ፣ ተጫዋቹ ጉንዳን የሚያክልበት ቦታ ነው የተቀመጥነው። ኦቾሎኒያቸውን እየፈለፈሉ በድንገት "ያን ቀን ለምን እንደሮጥክ እኮ አውቃለሁ" አሉኝ።

ክው አልኩ።

"ትኬት ጸሐፊዋ ስትታጠፍ፣ አንተም ዞር ዞር ስትል በመስኮት አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ሰጡኝ አባባ?"

"መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል ብዬ እየጠበቅኩህ ነበር" አሉ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ። "አልሄድክም። ወደ ላይ ሮጥክ።"

ሦስት ዓመት የተሸከምኩት እፍረት ከላዬ ላይ ወረደ፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ። እሳቸው ግን ጊዜ አልሰጡኝም። ከቡድናችን አንዱ ልጅ ኳሷን መትቶ ነበር፣ ያችው ደካማ ምት። ጋሼ ታደለ ኦቾሎኒውን በትነው ተነሡና ኮፍያቸውን እያውለበለቡ "ሩጥ! ሩጥ አንተ!" ብለው በአማርኛ ጮኹ። ልጁ በሙሉ ኃይሉ ሮጠ፤ ኳሷ ግን ለጥቂት ቀደመችው። ስታዲየሙ ሙሉ ዝም ሲል እኔና አማቴ ብቻ ቆመን አጨበጨብን።