ቡዌኖስ ዲያስ ያልኳት ጎረቤት

የልጅ ልጄን ልይዝ ሮም ሄጄ ሳለ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ ጣሊያናዊ ፍራፍሬ ሻጭ «ጤና ይስጥልኝ» አለኝ። በሰፈሩ የእኛ ሰው ስለሚበዛ ከደንበኞቹ የለመደው ነው። ሌላ አማርኛ አያውቅም። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ማታ ይህን ለልጄ ስነግራት የፊት ለፊት ጎረቤቷ ትዝ አለችኝ። ከፔሩ የመጣች ሴት ናት፤ አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ታስታምማለች። ሁሉም በጣሊያንኛ ነው የሚያናግራት። በአገሯ ቋንቋ እንደምን አደርሽ እንዴት እንደሚባል ልጄን ጠየቅኳት። ልጄ በሥራዋ ስፓኒሽ ከሚናገሩ ሴቶች ጋር ስለምትውል ታውቃለች። «ቡዌኖስ ዲያስ» ነው አለችኝ፤ ደህና ነዎት ወይ ለማለት ደግሞ «ኮሞ ኤስታ»።

«እማዬ፣ እዚህ አገር መልሱን ሳይጠብቁ ማለፍ ነውር አይደለም» ብላ ሳቀችብኝ።

በማግስቱ ጎረቤቷን ደረጃው ላይ አገኘኋትና እንደተማርኩት ሰላም አልኳት። ቆመች። የያዘችውን ዕቃ መሬት አስቀምጣ ረጅም መልስ ሰጠችኝ። እኔም ጠበቅኳት። ጆሮዬ የያዘው «ግራሲያስ አ ዲዮስ» የሚለውን ብቻ ነበር። ልጄን ስጠይቃት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ነው አለችኝ። እነሱም እንደኛ ደህና ነን የሚሉት እሱን አመስግነው ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንጠያየቅ ጀመር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ልጄና ባሏ ሥራ ሄደዋል። ሕፃኑ ወለሉ ላይ ይጫወታል፤ ወተት ጥጃለሁ። ምንጣፍ ላራግፍ ወደ ደረጃው ብቅ ከማለቴ ነፋሱ በሩን ከኋላዬ ዘጋው። የዚያ ቤት በር ከውጭ የሚዞር እጀታ የለውም። ቁልፉም ስልኬም ውስጥ ናቸው። ሕፃኑ በሩን በመዳፉ ይመታ ጀመር። እመ ብርሃንን ጠራሁ።

የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ከፈተች። በእሷ ቋንቋ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነበር፤ ሰላም ሳልል ችግሬን መናገርም አልለመደብኝም።

«ቡዌኖስ ዲያስ። ኮሞ ኤስታ?» አልኳት እጅ ነስቼ።

ልትመልስልኝ ጀምራ ነበር። ባዶ እግሬን አየች፤ የተዘጋውን በር አየች። ሕፃኑም አለቀሰ።

ወደ ውስጥ ሮጣ ስትመለስ የሽማግሌውን የደረት ራጅ ይዛለች። ያንን ጠንካራ ፕላስቲክ በበሩና በመቃኑ መካከል አስገብታ፣ የቁልፉ ምላስ እንዲገባ ወደ ታች እየገፋች በሩን በትከሻዋ ታናውጠው ጀመር። ያረረ ወተት ይሸተናል። ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል፤ ከፍ አድርጊው፣ ዝቅ አድርጊው እያሉ በእጃቸው ያሳዩአታል። እኔ በስንጥቁ «አለሁ የኔ ጌታ፣ አለሁ» እለዋለሁ።

በሩ ቀጭ አለና ተከፈተ። እሷ እሳቱን ልታጠፋ ሮጠች፤ እኔ ልጁን አነሳሁት። እንባ በእንባ ሆኗል እንጂ ምንም አልነካውም። አቀፍኳት። «ግራሲያስ አ ዲዮስ» አልኳት፤ እሷም አማተበችና ደገመችው።

ማታ ልጄ ስትመለስ ጎረቤቷ ሁሉንም በጣሊያንኛ ነገረቻት። ሁለቱም ሲስቁ ምን እያለች እንደሆነ ጠየቅኩ።

«ልጁ ተዘግቶበት፣ ቤቱ ሊቃጠል፣ እናትሽ መጥታ እንዴት ነዎት ትለኛለች እያለች ነው» አለችኝ ልጄ።

«ታዲያ ሰላም ሳልላት ልጩህባት?» አልኩ።

ሽማግሌውም ራጃቸው ተጨማዶ ስላዩ፣ ሐኪሙ ከጠየቀኝ ሳንባዬ በር ሲከፍት ነው የታጠፈው እለዋለሁ ብለው ቀለዱ።

ልጄ እዚያ ቤት ከገባች ቆይታለች፤ ትርፍ ቁልፏን የሚያስቀምጥላት ሰው ግን አልነበራትም። በማግስቱ ወስዳ ለጎረቤቷ ሰጠቻት። ልጄን በባዕድ አገር ትቼ ስመጣ ያን ቁልፍ እያሰብኩ ነው የተሳፈርኩት፤ ስጸልይም ያችን ሴት ከልጆቼ ጋር አነሳታለሁ።

አሁን ከአዲስ አበባ ስደውል ልጄ አንዳንድ ጊዜ የምታነሳልኝ ከፊት ለፊት ቤት ሆና ነው። ስልኩን ለጎረቤቷ ትሰጥልኛለች። «ኮሞ ኤስታ?» እላታለሁ። ከዚያ ጨርሳ እስክትነግረኝ ዝም ብዬ እሰማታለሁ።