ክብ አድርጌ የሠራሁት ግቢ

ቢቸና መጥታችሁ የመሬት ተዳፋት በዓይኑ ብቻ የሚለካ ሰው ብትጠይቁ ወደ እኔ ቤት ይልኳችኋል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ አበቃ። ፕላን ማንበብ የተማርኩት ግንባታ ላይ ስሠራ ከመሐንዲሶች ኋላ ቆሜ እያየሁ ነው፤ ኋላ ላይ ግን መሐንዲሶቹ ራሳቸው «እስቲ ጋሼ፣ ይህን ይዩልን» ይሉኝ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው።

አምና ክረምት ባለቤቴ ከጓሮ ስትመለስ በጭቃው ተንሸራታ ወደቀች። የእኛ መሬት መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው፤ ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ይሆናል። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ጉልበቷ ግን ከዚያ ወዲህ እሺ አላላትም። ሞጣ የምታስተምረው ልጃችን በማግስቱ ደረሰች።

«አባባ፣ ይህ ግቢ እናቴን ይገድላታል። እኔ ጋ ወስጄ አኖራታለሁ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ቤትህን ትተህ አትመጣም። አውቅሃለሁ።»

ባለቤቴን አየኋት። ጉልበቷን እያሸች ወደ ልጃችን ጠጋ አለች። «አልሄድም» ትላለች ብዬ ነበርና ደነገጥኩ።

«እስከ ግንቦት ጊዜ ስጪኝ» አልኳት ልጄን። «ጭቃ የሌለው፣ የማይታረም፣ ውሃ የማይቀዳለት፣ ቤተሰብና እንግዳ የሚያርፍበት ዘመናዊ ግቢ እሠራለሁ። ካልወደደችው ውሰጃት።»

ጥቅምት ላይ ጀመርኩ። በስልክ የሌላ አገር ግቢዎችን ሳምንት ሙሉ አየሁ፤ አብዛኞቹ ስህተት ነበሩ። ሣር ካልታጨደ ዱር ይሆናል፤ አበባ ካልጠጣ ይደርቃል። መረሬ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ድንጋይ ብታነጥፉበት በዓመቱ ገፍቶ ያነሣዋል። ስለዚህ ጥቁሩን አፈር እስከ ጉልበት ድረስ ቆፍሬ አወጣሁ። ጠጠርና አሸዋ ሞልቼ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍኩበት፤ ዝናቡ በራሱ ወደ ቦዩ እንዲወርድም ትንሽ አዘነበልኩት። ዳር ዳሩን እሬትና የጥብስ ቅጠል ተከልኩ፤ ሁለቱም ሰው ቢረሳቸው ቅር አይላቸውም። አሮጌውን ወይራ አልነካሁትም። ገመድ ከግንዱ ላይ አስሬ በዙሪያው ክብ ሣልኩና ሃያ ሰው የሚይዝ የድንጋይ መቀመጫ ገነባሁ። ሁሉም ሁሉንም ያያል። ከቢቸና እስከ ሞጣ እንዲህ ያለ ግቢ ካለ አሳዩኝ።

ባለቤቴ «ያምራል» አለችና ወደ ማድቤት ገባች። አንድ ቀን እንኳ ወጥታ አልተቀመጠችበትም።

ግንቦት ላይ የማኅበራችን ድግስ ተራ ለእኔ ደረሰ። ልጃችንም በዚያው ቀን መጣች፤ እናቷን ይዛ ለመመለስ። ጸሎት ደረሰና ማኅበርተኛው ሁሉ ወደ ወይራው ጥላ ወጣ። እዚያ ሲደርሱ ግን ማንም አልተቀመጠም። በእኛ ዘንድ ቄሱ ከላይ፣ ሽማግሌው ቀጥሎ፣ ወጣቱ ከበሩ ሥር ነው የሚቀመጠው። ቤት ውስጥ ይህ ይታወቃል። ክብ ግን ላይም ታችም የለውም።

«አባ፣ እርስዎ ይለፉ።»

«ወዴት ነው የማልፈው ልጄ? ጫፉን አሳየኝና ልለፍ።»

«በሞቴ፣ አንተ ቅደም! ታላቄ ነህ!» አለ በወዲያ በኩል አንዱ እኩያውን።

«በስንት ቀን ነው የምበልጥህ?»

«ሁሉም ቦታ እኩል ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«እኩልማ ከሆነ ማን ደፍሮ ይቀመጣል?» አሉ ቄሱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የስንት ወር ልፋቴ ሰውን አቁሞ ቀረ።

ባለቤቴ የጠላ ጆግ ይዛ እያነከሰች ወጣች። ሃያ ወንድ ቆሞ ሲግደረደር አየች። ጆጉን እጄ ላይ አኖረችና ቅርቧ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«እናንተ እስክትስማሙ የኔ ጉልበት አይጠብቅም።»

ቄሱ ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲያው ላይ ማለት እመቤቲቱ ያሉበት ነው» ብለው ከጎኗ ተቀመጡ። የቀረው ሰው ከዚያ እየቆጠረ ግራና ቀኝ ቦታውን ያዘ።

ጆጉ እጄ ላይ ቀረ። በዕድሜዬ ለማኅበር ጠላ ቀድቼ አላውቅም። ቀዳሁ።

«ጋሼ፣ አረፋውን ብቻ ነው እንዴ የሚሰጡን?» አለ አንዱ ወጣት።

«ጎንበስ ብለህ ቅዳ እንጂ!» አለች ባለቤቴ ከተቀመጠችበት። «ሐውልት ነህ?»

ሃያ ጊዜ ጎነበስኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ወገቤ፣ ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ መጮህ ጀመረ። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ድግስ ሲደገስ እኔ ተቀምጬ፣ እሷ ቆማ ነበር። አፈሩን፣ ውሃውን፣ አረሙን ሁሉ አስቤበታለሁ። የእሷን መቆም ግን አንድ ቀን አልለካሁትም። ዓይኔ ያመለጠው ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ትልቁ ግን እሱ ነበር።

እንግዳው ሲበተን ልጃችን መጣች። «እማዬ፣ መኪናው እንዳያመልጠን።»

እናቷ ከድንጋዩ አልተነሣችም።

«አባትሽ ገና ዛሬ ሥራ ሲጀምር ወዴት ልሂድ?» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እንዲህ ቁጭ ብዬ ከሆነ እቆያለሁ። ጆጉ እጄ የተመለሰ ቀን ግን ሞጣ ነኝ።»

እሺ አልኩ። ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወደ ማድቤት ገባሁ። የት እንደሚቀመጡ አላውቅም ነበር። እንዳትነሣ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ፈልጌ ራሴ አገኘሁት።